«ሲቲ ስካኑ ተበላሽቷል» ከመባሉ በፊት፦ የሆስፒታል ምስል ምርመራ ክፍልን መምራት ማለት ምን ማለት ነው?

«ማሽኑ አይሠራም፤ ውጭ ሄዳችሁ አሠሩ።»

ይህችን አባባል ሰምቶ የማያውቅ የሆስፒታል ተገልጋይ ያለ አይመስለንም። በውስጥ መስመር ከሚደርሱን የጤና ጥያቄዎች ብዙዎቹም እዚሁ አካባቢ ያጠነጥናሉ። «በቅርቡ ሪባን ተቆርጦለት የተመረቀ ማሽን እንዴት ይቆማል?»፣ «ከኔ በኋላ የመጣው ሰው ለምን ቀድሞኝ ገባ?»፣ «ራጁን ዛሬ ተነስቼ ውጤቱን ለምን ነገ ተባልኩ?»፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ራጅ ብነሳ ልጄን ይጎዳብኛል ወይ?»

ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው የሚገኘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፦ የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ። ሐኪሙን እናውቀዋለን፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩንም በስም እንጠራዋለን። ይህን ሰው ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ዛሬ ሥራውን አንድ በአንድ እናያለን። ዓላማችን ማንንም መክሰስ አይደለም፤ ማንንም ነፃ ማውጣትም አይደለም። ቅሬታ ሲኖራችሁ ለትክክለኛው ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ እንድታቀርቡ ነው።

🔹 ክፍሉ ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

በተለምዶ «ራጅ ክፍል» እንለዋለን። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ለረጅም ዘመን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዋና ማሽን እሱ ብቻ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። አሁን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይን በአንድ ጣሪያ ሥር ይይዛሉ።

አንድ መሠረታዊ ነገር እንያዝ። ራጅና ሲቲ ስካን የሚሠሩት በጨረር ነው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ኤምአርአይ ደግሞ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራሉ፤ ሁለቱ የኤክስሬይ ጨረር የላቸውም። ለነፍሰ ጡር እናቶች አልትራሳውንድ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሰዎቹስ? ምስሉን የሚያነሳው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነው። ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስት የሚባለው ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲያስፈልግ ነርስ ይኖራል፤ ማሽኑን የሚከታተለው ደግሞ የባዮሜዲካል ባለሙያ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂስቱን «አንተ አይተኸው የለ እንዴ፤ ምን አለብኝ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ዝም ቢላችሁ ንቆ አይደለም። ማንበብ የሱ ድርሻ ስላልሆነ ነው። የተሳሳተ ማጽናኛም የተሳሳተ ማስደንገጫም ሰው ይጎዳል።

በብዙ ሆስፒታሎች ክፍሉን በበላይነት የሚመራው ራዲዮሎጂስት ሲሆን የዕለት ተዕለቱን ሥራ አንድ ልምድ ያለው ቴክኖሎጂስት ያስተባብራል። ራዲዮሎጂስት በሌለበት ሆስፒታል ደግሞ ሁሉም ነገር አስተባባሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

🔹 ወረፋ፦ ከኋላዬ የመጣው ለምን ቀደመኝ?

አንድ ሰው በድንገት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው እንበል። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ስትሮክ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የደም ሥር ሲዘጋና የደም ሥር ሲፈስ። ለተዘጋው የሚሰጠው የደም መርጋትን የሚያሟሟ መድኃኒት ለሚፈሰው ቢሰጥ ይገድላል። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በመደበኛ አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለዚህ ሰው 20 ደቂቃ ወረፋ ላይ መቆየት ማለት የእጁ ወይም የንግግሩ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ወረፋው በመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ ሊሄድ አይችልም። ኃላፊው የቅድሚያ ደንብ ማውጣት አለበት፦ መጀመሪያ የሕይወት አደጋ ያለበት፣ ቀጥሎ ተኝቶ የሚታከም አስቸኳይ ታካሚ፣ ከዚያ የቀጠሮ ተመላላሽ። ጥሩ ኃላፊ ይህን ደንብ በሚነበብ ፊደል ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፈዋል።

ለምን መለጠፍ አስፈለገ ካላችሁ፣ ደንቡ ካልተጻፈ ሌላ ደንብ ይተካዋል። እሱም በዘመድ፣ በትውውቅና «እገሌ ልኮኝ ነው» በሚል ነው። ያኔ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው በድንገተኛነት የቀደመውንና በትውውቅ የቀደመውን መለየት ስለማይችል ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል። እውነተኛው ድንገተኛ ታካሚ ሲገባም ጭቅጭቅ ይነሳል።

ሌላው መዝገብ ነው። ምርመራው የታዘዘበት፣ የተነሳበትና ውጤቱ የወጣበት ሰዓት ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ሦስቱ ሰዓቶች ካልተጻፉ መዘግየቱ የት እንደተፈጠረ ማንም አያውቅም። ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል።

🔹 የማዘዣ ወረቀቱ፦ «ራጅ ይነሳ» ብቻ አይበቃም

ሐኪም ምርመራ ሲያዝ ለምን እንዳዘዘ መጻፍ አለበት። «ደረት ራጅ» ብቻ ተብሎ የመጣ ወረቀትና «የሦስት ሳምንት ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ» የሚል ወረቀት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ለአንባቢው ሐኪም የት ትኩረት እንደሚሰጥ ይነግረዋል። ኃላፊው ባዶ ማዘዣ ሲመጣ ለሐኪሙ ደውሎ የመጠየቅ፣ ካስፈለገም የመመለስ ድፍረት ሊኖረው ይገባል።

ይህ የቢሮክራሲ ጉዳይ አይደለም። በዓለም አቀፍ የጨረር ጥበቃ የመጀመሪያው መርህ ማንኛውም ምርመራ ከጉዳቱ ጥቅሙ መብለጥ አለበት የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከተሠራም ለምርመራው በሚበቃው ዝቅተኛ የጨረር መጠን ይሠራ ይላል።

ቁጥሩን እንየው። ማንኛችንም ራጅ ባንነሳም ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ ጨረር እናገኛለን። በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። አንድ የደረት ራጅ በግምት 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ከተፈጥሮ በሁለት ሳምንት ከምናገኘው ብዙም አይበልጥም። የሆድ ሲቲ ስካን ግን 8 ሚሊሲቨርት አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ የሦስት ዓመት የተፈጥሮ ጨረር እንደማለት ነው።

እና ምን እናድርግ? የደረት ራጅ ታዞላችሁ በፍርሃት መቅረት ስህተት ነው። በሌላ በኩል ራስ ምታት በመጣ ቁጥር «ሲቲ ይታዘዝልኝ» ብሎ ሐኪም ማስጨነቅም ልክ አይደለም። በቅርቡ ሌላ ቦታ ተነስታችሁ ከሆነ ምስሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለተኛ መነሳት ላያስፈልግ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የወር አበባ ከቀረባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ክፍሉም ሳትናገሩ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ደረት፣ እጅ ወይም እግር ሲነሳ ፅንሱ ጋ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ትንሽ ነው፤ ሆድና ዳሌ ላይ ሲሆን ግን ሐኪሞቹ ተመካክረው መወሰን አለባቸው።

🔹 ስም አንድ፣ ሰው ሁለት

በአንድ ቀን ሁለት ፋጡማ አህመድ፣ ሦስት አበበ ከበደ መምጣታቸው እኛ አገር ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በስም ብቻ የሚጠራ ክፍል አንድ ቀን የአንዱን ሳንባ ለሌላው ይሰጣል። መደረግ ያለበት ስም እስከ አያት መጠየቅና ከካርድ ቁጥር ጋር ማመሳከር ነው። «አበበ ነህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የታመመና የደከመ ሰው ለማንኛውም ጥያቄ «አዎ» ሊል ይችላል። «ስምህ ማነው?» ነው የሚባለው።

ቀኝና ግራም እንዲሁ ነው። ምስሉ ላይ የጎን ምልክት ከሌለ ቀዶ ሐኪሙ በተሳሳተ ወገን ሊሄድ ይችላል። ኃላፊው በየጊዜው ጥቂት ምስሎችን አውጥቶ ምልክቱ መኖሩን ያያል።

🔹 የሚደገም ራጅ

ታካሚው ተንቀሳቅሶ፣ ትንፋሽ ሳይይዝ ቀርቶ ወይም አቀማመጡ ተዛብቶ ምስሉ ሲበላሽ ይደገማል። መደገም በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ አለመቁጠሩ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለዲጂታል ራጅ የተጣሉ ምስሎች ከ100 ወደ 8 አካባቢ ቢሆኑ፣ 10 ካለፉ ደግሞ ምክንያቱ ይጣራ ብሏል።

በዲጂታል ማሽን የተበላሸ ምስል በአንድ ቁልፍ ይጠፋል። የፊልም ዘመን ቢሆን ቆሻሻ መጣያው ይመሰክር ነበር፤ አሁን የሚመሰክረው መዝገቡ ብቻ ነው። ኃላፊው ቆጥሮ «የጉልበት ራጅ ላይ ነው የምንሳሳተው» ካለ ለቴክኖሎጂስቶቹ የግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃል። ካልቆጠረ ግን ታካሚው ያለጥቅም ሁለት ጊዜ ጨረር ያገኛል፣ ማሽኑም ያለጥቅም ያረጃል።

🔹 ሠራተኛውን መጠበቅ

እናንተ በዓመት አንዴ ትገባላችሁ፤ ቴክኖሎጂስቱ በየቀኑ እዚያው ነው። ለዚህ ነው ደረቱ ላይ ትንሽ ባጅ የሚያደርገው። ባጁ የተቀበለውን ጨረር ያጠራቅማል፤ በየጊዜው ይላካል፣ ይነበባል። ለጨረር ሠራተኛ ዓለም አቀፍ ወሰኑ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን በየትኛውም ነጠላ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም።

ባጁ መሳቢያ ውስጥ ከዋለ ግን የሚለካው መሳቢያውን ነው። ኃላፊው ባጅ መደረጉን ማየት፣ ውጤቱንም ለሠራተኛው መንገር አለበት። የእርሳስ ሽርጡም ቢሆን ታጥፎ ከተጣለ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ተሰቅሎ ይቀመጣል፣ በየጊዜውም ስንጥቅ ይፈተሻል። ርቀትም ጥበቃ ነው፦ ከጨረር ምንጭ ያለን ርቀት ሁለት እጥፍ ቢሆን የሚደርሰን ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ታካሚ የምትደግፉ አስታማሚዎች ካልተፈለጋችሁ ውጡ የምትባሉት ለዚህ ነው።

አንድ የተለወጠ ነገር እንጨምር። ቀድሞ ታካሚው ብልቱ አካባቢ እርሳስ እንዲሸፈን ይደረግ ነበር። ከላይ የጠቀስነው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ እንደ መደበኛ አሠራር እንዲቀር መክሯል። ምክንያቱም ሽፋኑ የሚፈለገውን አካል ሊከልል፣ ማሽኑም ራሱን ሲያስተካክል ጨረሩን ሊጨምር ስለሚችል ነው። ስለዚህ ሳትሸፈኑ ብትነሱ ቸልተኝነት ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

🔹 የማይጠፋው ማግኔት

ኤምአርአይ ጨረር የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። በብዛት የሚሠራበት ባለ 1.5 ቴስላ ማሽን ማግኔቱ ከመሬት የማግኔት ኃይል 30 ሺህ ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ማሽኑ ሥራ ላይ ባይሆንም፣ ሌሊትም ቢሆን ማግኔቱ እንደበራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የስድስት ዓመት ሕፃን ምርመራ ላይ እያለ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ ራሱን መትቶት ሞቷል።

ስለዚህ የኤምአርአይ በር እንደ ሌላው በር አይደለም። ፅዳት ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ዳይሬክተር ሳይባል ማንም ሳይፈተሽ አይገባም። ሰውነታችሁ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ብረት፣ የጥይት ወይም የፍንጣሪ ስብርባሪ ካለ ሳትደብቁ ተናገሩ። በአገራችን በግጭት የቆሰሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ይህ ጥያቄ የይስሙላ አይደለም።

ሲቲ ስካን ላይ በደም ሥር መድኃኒት (ኮንትራስት) ሲሰጥም የሚጠየቁ አሉ፦ አለርጂ፣ የኩላሊት ሁኔታ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ትወስዱ እንደሆነ። ኃላፊውም ከማሽኑ አጠገብ የድንገተኛ መድኃኒት መኖሩን፣ ቀኑም አለማለፉን በየጊዜው ያያል።

🔹 ማሽኑ ለምን ይቆማል?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አነስተኛ አቅም ባላቸው አገሮች የሚገኙ 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን መረጃ ሰብስቦ ነበር። 38.3 በመቶው አገልግሎት አይሰጡም። ዋና ምክንያት ተብለው የተጠቀሱት የሥልጠና፣ የመሣሪያ አስተዳደርና የመሠረተ ልማት እጥረት ናቸው። ማሽኑ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሲቲ ስካን ከመቆሙ በፊት ብዙ ጊዜ ይናገራል። ምስሉ ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ይታያል፣ የስህተት መልእክት ይደጋገማል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ስለዚህ የጠዋቱ ሥራ የሚጀምረው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ነው፦ ቱቦው ይሟሟቃል፣ ውኃ በያዘ መፈተሻ ላይ ይነሳል (የውኃ ልክ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት)፣ የክፍሉ ሙቀት ይመዘገባል። ኤር ኮንዲሽነሩ ለሠራተኛው ምቾት የገባ ሊመስል ይችላል፤ በዋናነት ግን ለማሽኑ ነው። የተበላሸ ኤር ኮንዲሽነር ሳይጠገን ቆይቶ ከሱ እጅግ የሚወደድ ዕቃ ያቃጥላል።

መብራቱም አለ። ኃይል ሲወዛወዝ ኤሌክትሮኒክሱ ይጎዳል። ኤምአርአይ ላይ ደግሞ ነገሩ ለየት ይላል፦ ማግኔቱ የሚሠራው 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ ነው። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ አይጠፋም፤ ማቀዝቀዣው ግን ይጠፋል። ለረጅም ሰዓት ከቆየ ሂሊየሙ ይተናል። ሂሊየም ደግሞ እዚህ አይመረትም፤ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው።

ከዚያ የጥገና ውል ይመጣል። የሲቲ ስካን የኤክስሬይ ቱቦ ዕድሜው የታወቀ ነው፤ በአጠቃቀም ያልቃል። እንደ መኪና ጎማ አስቡት። ጎማው የሚያልቅ መሆኑን እያወቀ ለጎማ በጀት ያልያዘ ባለመኪና «መኪናዬ ድንገት ቆመብኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ማሽን ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ የቱቦ፣ የጥገናና የሥልጠና ወጪ አብሮ ካልታሰበ፣ የሚቆምበት ቀን የተወሰነው በምረቃው ዕለት ነው።

እዚህ ላይ ለኃላፊው ፍትሐዊ እንሁን። አብዛኛውን ጊዜ በጀት የማዘዝ ሥልጣን የለውም። የሱ ግዴታ ብልሽቱን በቀኑና በሰዓቱ መመዝገብ፣ «ቱቦው እየደከመ ነው» ብሎ በጽሑፍ አስቀድሞ ማሳወቅና ማሽኑ ቢቆም ታካሚ የት እንደሚላክ ማዘጋጀት ነው። ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ መልስ መስጠት ያለበት አስተዳደሩ ነው። ዋጋውን ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፦ የጤና መድኅን መታወቂያ ይዞ መጥቶ «ውጭ አሠራ» የሚባለውና ከኪሱ የሚያወጣው ገበሬ።

🔹 ውጤቱ

ምስል ተነስቶ ካልተነበበ እንዳልተነሳ ነው። መደበኛ ውጤት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ግን የማይጠብቅ ግኝት አለ፦ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም፣ ሳንባን የጨፈለቀ አየር፣ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና። ይህ ሲታይ አንባቢው ስልክ አንስቶ ለሚያክመው ሐኪም መንገር፣ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደነገረም መጻፍ አለበት። በፖስታ ታሽጎ ለአስታማሚ የሚሰጥ ወረቀት ለዚህ አይሆንም፤ አስታማሚው ፖስታ ውስጥ ያለውን አያውቅማ። ሻይ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል።

🔹 እናንተ ምን ልትጠይቁ ትችላላችሁ?

▪️ የቅድሚያ ደንቡ የት ተለጥፏል?
▪️ ውጤቴ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ካልደረሰስ ማንን ላናግር?
▪️ ማሽኑ የቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው? ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ተገልጿል?
▪️ እስኪጠገን ድረስ ሆስፒታሉ ስምምነት ያለው ሌላ ቦታ አለ? መድኅኔስ እዚያ ይሠራል?
▪️ ይህ ምርመራ ለምን ታዘዘልኝ? በጨረር ነው ያለጨረር?

እነዚህን በትህትና ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ የምታገኙት ሠራተኛ ማሽኑን ያላበላሸ፣ ምሳውን ሳይበላ የዋለ ሰው ነው። እሱ ላይ መጮህ ቱቦ አይገዛም።

እንደ መገናኛ ብዙኃን ለራሳችንም የወሰድነው ነገር አለ። ማሽን ሲመረቅ ሁላችንም ካሜራ ይዘን እንሄዳለን። ከዓመት በኋላ ተመልሶ «ስንት ቀን ሠራ? ስንት ቀን ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመሥሪያ ቀኑ ቁጥር በክፍሉ መዝገብ ላይ መኖር አለበት። ከእንግዲህ የምረቃ ዜና በሠራንበት ሆስፒታል ሁሉ ያንን መዝገብ ለማየት እንጠይቃለን፤ የተሰጠንንም መልስ፣ የተከለከልነውንም እንነግራችኋለን።